ከእጅ ሥዕል እስከ ቢላዋው መንገድ

በየከተማው ጎዳና ከሚታዩት የሱቅ ታፔላዎች፣ በመኪና ጎን ከተለጠፉት ጽሑፎችና በመስተዋት ላይ ከሚነበቡት ምልክቶች ብዙዎቹ ዛሬ በብሩሽ የተጻፉ ሳይሆኑ፣ ኮምፒዩተር በሚመራው ቢላዋ ከቪኒል ስቲከር ላይ ተቆርጠው የወጡ ናቸው። ቢላዋው የሚያርፍበት ስቲከር ብዙውን ጊዜ ውፍረቱ የአንድ ሚሊሜትር ዐሥረኛ እጅ እንኳ የማይሞላ ስስ ፕላስቲክ ሲሆን፣ ማሽኑ ይህን ገጽ በጥቶ ከሥሩ ያለውን ወረቀት ሳይቆርጥ ማለፍ ይኖርበታል። ሥራው ተጠናቆ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ከሠዓሊው እርሳስ እስከ ማሽኑ ቢላዋ ያለውን ርቀት ለማጥበብ የመርከብ ሠሪዎች፣ የመኪና ፋብሪካ መሐንዲሶችና የፊደል ነዳፊዎች ተራ በተራ ደክመዋል።

የችግሩ ሥር ይህ ነው። እርሳስ በወረቀት ላይ የሚተወው መስመር ውፍረት አለው፤ በአንድ ስፍራ ይጠቁራል፣ በሌላው ይሳሳል፣ አንዳንድ ጊዜም ሁለትና ሦስት ጊዜ ተደራርቦ ይሄዳል። ተመልካች ይህን ሁሉ አይቶ «አንድ መስመር ነው» ይላል። ቢላዋ ግን ውፍረት አያውቅም። የሚያውቀው ከየት ተነሥቶ፣ በየት በኩል ዞሮ፣ የት እንደሚያበቃ በቁጥር የተነገረውን መንገድ ብቻ ነው። አንድ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የእርሳስ መስመር በግራና በቀኝ ሁለት ጠርዝ ስላለው፣ ማሽኑ ሁለቱንም ተከትሎ ቢቆርጥ የሚገኘው የታሰበው ቅርጽ ሳይሆን እንደ ክር የቀጠነ ቁራጭ ይሆናል። እንግዲህ ከጠርዞቹ እውነተኛው ድንበር የትኛው ነው? በሚከተለው ታሪክ ውስጥ መሣሪያዎቹ በየዘመኑ ተለዋውጠዋል፤ ይህ ጥያቄ ግን አልተለወጠም። (የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጎባጣ መስመርና ቁጥር

ኮምፒዩተር ከመፈልሰፉ ከረጅም ዘመን አስቀድሞ የአውሮፓና የአሜሪካ መርከብ ሠሪዎች የመርከቡን አካል በሰፊ አዳራሽ ወለል ላይ በሙሉ መጠኑ ይነድፉ ነበር። ለዚህም ቀጭንና ተለማጭ የእንጨት ዘንግ ያጎብጡና ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ በከባድ የዓረር ክብደቶች ይይዙታል። እንጨቱ በተፈጥሮው ያለ ስብራት ስለሚጎብጥ፣ በጎኑ የሚሰመረው መስመር የተስተካከለ ይሆናል። የባለሙያው ብልሃት የሚታወቀው ክብደቶቹን በሚያስቀምጥበት ስፍራ ነበር። ክብደቱ ከበዛ መስመሩ ይወላገዳል፤ ካነሰም ከታሰበው ቅርጽ ያመልጣል። ዛሬ በኮምፒዩተር ንድፍ የሚሠራ ሰው ነጥቦችን ሲያኖር የሚገጥመው ፈተና ይኸው ነው።

እንዲህ ያለውን መስመር ወደ ቁጥር መመለስ ደግሞ ራሱን የቻለ ድካም ነበር። ጆሴፍ ገርበር በ1924 በቪየና ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ፣ ከናዚዎች አገዛዝ አምልጦ በ1940 ወደ አሜሪካ የገባ ወጣት ነበር። የአውሮፕላን ምሕንድስና ተማሪ ሳለ ከግራፍ ላይ ልኬት ማንበብ እጅግ አድካሚ ሆኖ ስላገኘው፣ የፒጃማውን የወገብ ላስቲክ አውጥቶ በእኩል ርቀት ምልክት አደረገበት። ላስቲኩ ሲሳብ ምልክቶቹ እኩልነታቸውን እንደጠበቁ ስለሚራራቁ፣ በተፈለገው መጠን ለመለካት አስቻለው። ከዚህ የመነጨው መለኪያ በ1948 በኮኔቲከት ግዛት ለተቋቋመው ኩባንያ መሠረት ሆነ። ኩባንያው በ1960ዎቹ መጨረሻ በኮምፒዩተር የሚመራ የጨርቅ መቁረጫ ማሽን ሠራ፤ ወደ ስቲከሩ ሥራ የደረሰውም በዚሁ መንገድ ነው።

የሁለቱ ፋብሪካዎች ታሪክ

በዚያው ዘመን የፈረንሳይ የመኪና ፋብሪካዎች በሌላ ችግር ተይዘው ነበር። የመኪናው ቅርጽ ከነዳፊው ሥዕል ወደ ሞዴል፣ ከሞዴሉ ወደ ፋብሪካ ንድፍ፣ ከንድፉም ቆርቆሮው ወደሚታተምበት የብረት ቅርጽ ሲተላለፍ በየደረጃው ጥቂት በጥቂት ይዛነፍ ነበር። በመጨረሻም ከእነዚህ ሁሉ ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ መናገር ያስቸግር ነበር።

በሲትሮየን ፋብሪካ ይሠራ የነበረው የሒሳብ ሊቅ ፖል ደ ካስተልዦ በ1959 መፍትሔ አቀረበ። እርሱ ጎባጣውን መስመር በሙሉ ከመለካት ይልቅ ጥቂት መቆጣጠሪያ ነጥቦችን ብቻ መረጠ። ነጥቦቹ ሲንቀሳቀሱ መስመሩ ወደ እነርሱ እየተሳበ ይጎብጣል። ፋብሪካው ግን ሥራውን በምስጢር ያዘው። በተፎካካሪው በሬኖ ፋብሪካ መሐንዲስ የነበረው ፒየር ቤዚዬ በ1960ዎቹ በራሱ መንገድ ወደ ተመሳሳይ ውጤት ደርሶ ሥራውን አሳተመ፤ ዩኒሰርፍ የተባለውንም የንድፍ ሥርዓት አቆመበት። በዚህ ምክንያት መስመሩ እስከ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚጠራው በቤዚዬ ስም ሲሆን፣ የደ ካስተልዦ ድርሻ የታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። ሙያን ሸሽጎ መያዝ ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ይህ ታሪክ በቂ ምስክር ነው።

የዘዴው ኃይል በቁጥር ሲታይ ያስደንቃል። አራት የቤዚዬ ቁራጮች ብቻ ተገጣጥመው ክብ ሲሠሩ፣ ከእውነተኛው ክብ የሚኖራቸው ልዩነት ከራዲየሱ 3000ኛ እጅ ያነሰ ነው። ራዲየሱ አንድ ሜትር በሆነ ታፔላ ላይ እንኳ ስሕተቱ የሚሊሜትር ሲሶ አይሞላም። እንግዲህ ክብ ለመቁረጥ አራት ነጥብ ይበቃል። በዚያው ክብ ላይ አርባ ነጥብ በእጁ የበተነ ሰው ግን ሥራውን አላሻሻለም፤ ቢላዋው በየነጥቡ አቅጣጫውን እየለወጠ ስለሚሄድ ጠርዙ የተሸራረፈ ይሆንበታል።

ፊደል በነጥብ

ይህን የመሰለውን አሠራር ወደ ፊደል ካመጡት ሰዎች ቀዳሚው በሐምቡርግ ከተማ ይሠራ የነበረው የፊዚክስ ምሁር ፔተር ካሮ ነው። በ1970ዎቹ የሠራው ኢካሩስ የተባለው ሥርዓት በእጅ የተነደፈን ፊደል በቁጥር ይመዘግብ ነበር። ኢካሩስ በቤዚዬ መስመር ፋንታ በቀጥታ መስመርና በክብ ቅንጣቢ ይሠራ ነበር፤ ያም ሆኖ ሠራተኛውን የሚጠይቀው ነገር አንድ ዓይነት ነው። ፊደሉ በመጀመሪያ በትልቅ መጠንና በንጹሕ ጠርዝ ይሣላል። ከዚያም ሠራተኛው ማሽኑን ሳይነካ በወረቀቱ ላይ ነጥቦቹን በእጁ ምልክት ያደርጋል፤ ማዕዘኑ የት እንደሆነ፣ ጎባጣው የት እንደሚጀምር፣ ቀጥታው የት ላይ ከጎባጣው ጋር እንደሚገናኝ እየለየ ያሰፍራል። ቀጥሎ በማጉያ መነጽር በተገጠመ መሣሪያ እያንዳንዱን ነጥብ ዐይቶ ዓይነቱን በቁልፍ ይመዘግባል። ፊደሉ የሚያርፍበት አራት ማዕዘን በየጎኑ 15,000 ነጥብ ተከፍሎ ነበርና የእጅ መንቀጥቀጥ ሳይቀር ይመዘገብ ነበር። ስለሆነም ከሠራተኛው የሚፈለገው እጁ ያደረገውን ሁሉ መቅዳት ሳይሆን፣ እጁ ሊያደርግ ያሰበውን መለየት ነበር።

ቢላዋው ገበያ ሲወጣ

በ1983 የገርበር ኩባንያ «ሳይንሜከር» የተባለውን የቪኒል መቁረጫ ለገበያ አቀረበ። ፊደላቱ አስቀድመው በቁጥር ተመዝግበው በሚሰካ ካርትሪጅ የተቀመጡ ስለነበሩ፣ ብሩሽ ይዞ የማያውቅ ሰው ጽሑፉን በቁልፍ አስገብቶ ታፔላ ማውጣት ቻለ። ይህም በአሜሪካ ለብዙ የታፔላ ጻፊዎች መራር ዘመን አመጣ። ለዓመታት በጌታቸው ሥር ሆነው የብሩሽን አያያዝ የተማሩ ባለሙያዎች፣ ዋጋቸው በማሽኑ ዋጋ ሲመዘን ሥራቸውን አጡ። ፌይዝ ሌቪንና ሳም ሜከን በ2012 ያሳተሙት መጽሐፍ ለእነዚህ ሰዎች ሕይወት የቆመ መታሰቢያ ነው።

ነገር ግን ካርትሪጁ የሚሰጠው በውስጡ ያለውን ፊደል ብቻ ነበር። ደንበኛው የራሱን ምልክት፣ የአንበሳ ሥዕል ወይም በእጅ የተጻፈ ስም ሲያመጣ ማሽኑ መልስ አልነበረውም። በ1987 አዶቢ ኩባንያ ያወጣው ኢለስትሬተር ይህን በር ከፈተ። በወረቀት የተሣለው በስካነር ተነሥቶ እንደ ጥላ ከሥር ይቀመጣል፤ ሠራተኛውም በላዩ የቤዚዬን ነጥቦች እያኖረ ድንበሩን ይሠራል። ቆየት ብሎም ማሽኑ ራሱ ድንበሩን እንዲፈልግ የሚያደርጉ ዘዴዎች መጡ። ፒተር ሴሊንገር በ2001 ያወጣው ፖትሬስ የተባለው ፕሮግራም ጥቁርና ነጭ ሥዕልን ወደ ቬክተር ይለውጣል፤ በ2005 ደግሞ ኢለስትሬተር ተመሳሳይ አገልግሎት በራሱ ውስጥ አካተተ። እነዚህ ዘዴዎች በወፍራም ቀለም በጥንቃቄ በተሣለ ሥዕል ላይ ደኅና ይሠራሉ። በእርሳስ የተሞነጫጨረ ሲሰጣቸው ግን የወረቀቱን ጉድፍና የእርሳሱን ብናኝ ሁሉ እንደ ቅርጽ ቆጥረው ለቢላዋው ያቀርባሉ፤ ዋናውን ከትርፉ መለየት አይችሉምና።

የግዕዝ ፊደል ፈተና

የግዕዝ ፊደል በእጅ ከተጻፈ ቅርጽ ወደ መሣሪያ የተሻገረው በዚህ ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ አይደለም። በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለው ጀርመናዊ በሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተምሮ የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት ሲያሳትም፣ ከመቃ ብርዕ የወጣው ቅርጽ በብረት መቀረጽ ነበረበት። በብራና ላይ አንድ ፊደል በተጻፈ ቁጥር ጥቂት ይለያያል፤ በብረት ሲቀረጽ ግን ከእነዚያ ሁሉ አንዱ ቅርጽ መመረጥ አለበት። የስቲከር ንድፍ የሚሠራ ባለሙያም ዛሬ ያንኑ ምርጫ ያደርጋል።

ፈተናው በብዛትም በቅርጽም ነው። የላቲን ፊደል 26 ሲሆን፣ 33ቱ የአማርኛ ፊደላት በሰባት ሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እያንዳንዱም የራሱን ድንበርና ነጥብ ይሻል። የኃምሱ ቀለበት፣ ለምሳሌ በቤ፣ በሴና በኬ ግርጌ ያለው፣ በትንሽ መጠን ሲቆረጥ የውስጡ ክፍት እጅግ ይጠባል፤ ትርፉ ስቲከር ሲላጥም ቀለበቱ አብሮ ሊነሣ ይችላል። ነዳፊው እግሩንና ቀለበቱን ለየብቻ ሠርቶ አንዱን በሌላው ላይ አስደግፎ ከተወውም በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ አንድ ፊደል ሆኖ ይታያል። ቢላዋው ግን የሁለቱንም ድንበር ለየብቻ ስለሚቆርጥ ፊደሉ በሚነሣበት ጊዜ ይበታተናል። ስለዚህ ተደራራቢዎቹ ቅርጾች አስቀድመው በአንድ ዝግ ድንበር መዋሐድ አለባቸው።

የብራና ጸሐፊ ይህን ሥርዓት ከብዙ ዘመን በፊት በሌላ መልክ ያውቀዋል። ቀለም ከማንሣቱ በፊት ብራናውን በወስፌ ይበሳል፤ ከብስ ወደ ብስ ያለ ቀለም ያሰምራል፤ ፊደሉም በዚያ መስመር ላይ ያርፋል። በእርሱ ሥራ ነጥብ ከጽሑፍ ይቀድማል።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ምክር ለጀማሪውም ለነባሩም ባለሙያ አንድ ነው። ሥዕሉ ወደ ስካነር ከመሄዱ በፊት በንጹሕ ወረቀት በቀለም ደግሞ ይሣል፤ የቅርጹ ድንበር በመስመሩ የውስጥ ጠርዝ ወይም በውጭ ጠርዝ እንደሆነ ይወሰን፤ ነጥቦቹ ጎባጣው ከሁሉ ይልቅ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በሚደርስባቸው ስፍራዎች በእርሳስ ምልክት ይደረግባቸው። ይህን በወረቀት ላይ የለመደ ሰው የፕሮግራሙ ስም ቢለወጥ አይቸገርም። ያልለመደው ግን ማሽኑ ሲፈጥን የሚያተርፈው የተበላሸ ስቲከር ብዛት ነው። ብሩሽ ይዘው ያረጁት የታፔላ ጻፊዎች የጎባጣን መስመር አመል በእጃቸው ያውቁታልና፣ ዕውቀታቸው ከእነርሱ ጋር ከማለፉ በፊት ወጣቶቹ የማሽን ሠራተኞች አጠገባቸው ተቀምጠው ቢማሩት ሙያው ይጠቀማል።