የወደቀችውን ላም ማን ያነሣል?

በነሐሴ 1997 ዓ.ም. ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካዋን ኒው ኦርሊንስ በጎርፍ ሲያጥለቀልቅ፣ ውሻና ድመታቸውን ጥለው ላለመውጣት ከሞት ጋር የተፋጠጡ ሰዎች ነበሩ። በጎ ፈቃደኞችም በየቤቱ የቀሩትን እንስሳት በጀልባ ሲለቅሙ ሰነበቱ። በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የአደጋ ጊዜ ዕቅድ የቤት እንስሳትንም እንዲያስብ የሚያዝ ሕግ እዚያው አገር ጸደቀ።

ይህን የሰማ የከተማ ሰው «ጥጋብ ነው!» ሳይል አይቀርም። ግን አንባቢ ሆይ፣ ከመፍረዳችን በፊት እስቲ ወደ ነጌሌ፣ ወደ ያቤሎና ወደ ሞያሌ ቆላ ወረድ እንበል። እንስሳን ከአደጋ ማዳን እዚያ የቆየ ወግ ነው።

የቦረና አደጋ በአብዛኛው ድርቅ ነው። የበልጉ ዝናብ ቀርቶ የመጸዉም ሲደገም ሣሩ ያልቃል፣ ከብቱ ይከሳል። አንድ ማለዳ ላሟ ከበረት መነሣት ያቅታታል። ያን ጊዜ ጎረቤት ይጠራል። አንዱ በቀንዷ፣ አንዱ በጭራዋ፣ ሌሎቹ ከሆዷ ሥር ገብተው ያቆሟታል። ከቆመች ትሰማራለች፤ እንደተኛች ከዋለች አበቃላት። በማግሥቱም ያው ነው። ሴቶቹ ደግሞ ከሩቅ ሣር አጭደው በጀርባቸው ተሸክመው ለጥጃው ያመጣሉ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንላለን፤ በቦረና ግን የወደቀች ላም እጅ ይበዛላታል።

የውሃውም ነገር እንዲሁ ነው። ዱብሉቅን በመሰሉ ጥልቅ ኤላዎች ውስጥ ጎበዛዝቱ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ ውሃውን በእጅ ይቀባበላሉ። የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ ተራ አስከባሪ አለው። ብቻውን ቀድቶ መንጋውን የሚያጠጣ የለም።

ከብቱ ካለቀስ? ለዚያ «ቡሳ ጎኖፋ» የሚባል ሥርዓት አለ። ከብቱ ያለቀበት ሰው ለጎሣው ይናገራል። ሽማግሌዎች በምን እንዳለቀበት ይመረምራሉ፤ ጥፋቱ የራሱ ስንፍና ካልሆነ ያላቸው ወገኖች ከየመንጋቸው አዋጥተው ይሰጡታል። ብድር አይደለም፣ ምጽዋትም አይደለም። ነገ ሌላው ሲቸገር ተራው የእሱ ነው። በቅርብ ዓመታት የኦሮሚያ ክልል የእርዳታ ተቋሙን በዚሁ ስም መጥራቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህን ሥርዓት ትልልቅ መዓቶች ፈትነውታል። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ አገሩን ሁሉ ባዶ ሲያደርግ፣ እኛ «ክፉ ቀን» ያልነው ዘመን ለቦረናም ክፉ ነበር። ሁሉም ሲያልቅበት ማን ለማን ይስጥ?

በዘመናችን የውጭ እጅ መጣ። ግን ለረጅም ጊዜ የእርዳታ መኪና ለሰው እህል ይዞ ሲደርስ ለላሟ ያመጣው ነገር አልነበረም። ካትሪና በደረሰች በወራት ውስጥ፣ በ1998ቱ ድርቅ፣ ሞያሌ ላይ ሌላ መንገድ ተሞከረ። የግል ነጋዴዎች በአንድ የእርዳታ ድርጅት ብድር ታግዘው ከአርብቶ አደሩ 20,000 ያህል ከብት ከመሞቱ በፊት ገዙ። ሻጩም በገንዘቡ ለቤተሰቡ እህል፣ ለቀሩት ከብቶቹ መኖና መድኃኒት ገዛ። ከሁለት ዓመት በኋላ የግብርና ሚኒስቴር በአርብቶ አደር አካባቢ ከብትን ከአደጋ ስለ ማዳን ብሔራዊ መመሪያ አወጣ።

ያም ሆኖ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ሲከሽፉ፣ ቦረና የሞተው ከብት በሚሊዮን ተቆጠረ። ከብቱ ያለቀበት አባወራ ወደ ዱብሉቅ መጠለያ ገባ። ያን ጊዜ ከሌላ አካባቢ ሣርና ጭድ በጭነት መኪና ይዘው የደረሱ ወገኖች ነበሩ፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ለብዙው ከብት ግን ዘግይቷል።

የኒው ኦርሊንሱ ሰው ውሻውን ቢያጣ ልቡ ይሰበራል። የቦረናው ሰው ላሙን ሲያጣ ከልቡ ሌላ የልጁ ወተት፣ የሚያገባበት ጥሎሽ፣ በጎሣው ፊት የሚቆምበት ክብር አብሮ ይሄዳል። የወደቀችውን ላም ማንሣት ጎረቤቶቿ ያውቁበታል፤ ሣሩ ከመውደቋ በፊት እንዲደርስ ማድረግ ግን የእኛም የቤት ሥራ ነው።