የመያዝ ተከታይ ፍተሻ

በአሜሪካ የወንጀል ሥነ ሥርዓት «ሰርች ኢንሲደንት ቱ አሬስት» የሚባል ልማደ ሕግ አለ፤ ይኸውም ፖሊስ አንድን ሰው በሕግ በያዘ ጊዜ የዳኛ ማዘዣ ሳይጠብቅ የተያዘውን ሰው ሰውነትና ኪስ፣ እጁም የሚደርስበትን ስፍራ እዚያው እንዲፈትሽ የሚፈቅድ ነው። በአማርኛ «የመያዝ ተከታይ ፍተሻ» ቢባል የሚስማማ ይመስለኛል። «እስር» የሚለው ቃል ወኅኒ ቤትን ስለሚያሳስብ ተትቷል፤ «ብርበራ» የቀረበት ምክንያት ግን ብርቱ ነውና ኋላ እንመለስበታለን።

ልማዱ የቆመው በሁለት ምክንያት ነው፤ የተያዘው ሰው መሣሪያ ሸሽጎ እንደ ሆነ ፖሊሱን እንዳይጎዳ፣ ማስረጃም ይዞ እንደ ሆነ እንዳያጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1973 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ በዋሽንግተን ከተማ መንጃ ፈቃዱ ተሽሮ ሳለ ሲነዳ ከተያዘ ሰው ደረት ኪስ የወጣውን የተጨማደደ የሲጋራ ፓኮ ፖሊሱ ከፍቶ ሄሮይን ባገኘበት ጉዳይ፣ አደጋ መኖር አለመኖሩ በየጊዜው ሊመረመር አይገባም ብሎ ስለ ፈረደ፣ ከኪስ የወጣ ሁሉ እየተከፈተ መታየቱ እንደ ደንብ ተቈጠረ። በዚያ ዘመን ሰው በኪሱ የሚይዘው ገንዘብ፣ መሐረብ፣ ቢበዛ አንድ ሁለት ደብዳቤ ነበርና ብዙ አላስጨነቀም።

እ.ኤ.አ. በ2009 በሳንዲያጎ የምዝገባ ዘመኑ ያለፈበት መኪና ሲነዳ የተገኘን ሰው ፖሊስ አስቆመው፤ ከሞተሩ ክዳን ሥርም ሁለት ሽጉጥ ተገኝቶ ተያዘ። ከሱሪ ኪሱ የተወሰደውን ስልክ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ፣ አንድ መርማሪ በጣቢያው ተቀምጦ ፎቶግራፉንና ቪዲዮውን ሲያገላብጥ፣ ሰውየው ከቀደመ ተኩስ ጋር በተያያዘ በተጠረጠረ መኪና ፊት ቆሞ የተነሣውን ምስል አገኘ። «ራይሊ በካሊፎርኒያ ላይ» የተባለው ይህ ክርክር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 2014 ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተው፣ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ዳኛ ጆን ሮበርትስ በጻፉት ፍርድ፣ በተያዘ ሰው ስልክ ውስጥ ያለውን ለማየት ማዘዣ ያስፈልጋል አሉ።

እንግሊዝኛ ለሁሉም «ሰርች» ስለሚል ዳኞቹ ልዩነቱን ለማስረዳት ብዙ መጻፍ ነበረባቸው፤ አማርኛ ግን ሰውን ይፈትሻል፣ ቤትን ይበረብራል። ስልክ ውስጥ የሚገኘው የዓመታት ደብዳቤ፣ ሥዕል፣ የሕመምና የገንዘብ ምሥጢር አንድ ቤት ከጓዳ እስከ ሳሎን ቢበረበር ከሚገኘው ይበልጣል ማለታቸውም፣ በእኛ አነጋገር፣ ፍተሻ የተባለው ነገር በእውነቱ ብርበራ ነው ማለት ነው። ዕቃውን ራሱን ግን ፖሊስ ሊመለከት ይችላል፤ በስልኩና በሽፋኑ መካከል ምላጭ ተሸጉጦ እንደ ሆነ ማየት አልተከለከለም። ማስረጃው ከሩቅ ይጠፋል የሚለውን ስጋት ደግሞ ስልኩን በማጥፋት፣ ወይም ሞገድ በማያስገባ የአሉሚኒየም ከረጢት ውስጥ በመክተት ማስወገድ እንደሚቻል ዳኞቹ ራሳቸው አመልክተዋል።

አጣዳፊ ነገር ሲያጋጥም፣ ለምሳሌ የተሰረቀ ሕፃን ያለበት ቦታ በስልኩ ውስጥ ተጽፎ ይሆናል ተብሎ ሲታመን፣ ማዘዣ አይጠበቅም። ባለቤቱ ወዶ ሲፈቅድም እንዲሁ ነው፤ በዋሽንግተንና በአካባቢው ታክሲ የሚነዳ ወገናችን «ስልክህን ልየው?» ሲባል በትሕትና «እሺ» ቢል፣ ማዘዣውን ራሱ አስቀረው። ከአገር ቤት ሲመለስ በአየር ጣቢያ የሚያጋጥመው የድንበር ፍተሻ ግን የራሱ ልማደ ሕግ አለው፤ የራይሊ ፍርድ አልዳሰሰውም፣ በዚያም የድንበር ሹማምንት ያለ ማዘዣ ስልክ ያያሉ።