ለሴት ልጅ የወንድ ስም ስለ ማውጣት

ስም የሚወጣው ሕፃን ሳይጠየቅ ነው፤ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ የሚሸከመው ግን እርሱ ራሱ ነው። ስለዚህ ለሴት ልጅ የወንድ ስም ያወጡ ወላጆች ምን አስበው እንደ ሆነ መመርመር ይገባል።

በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዝ አገር የወንዶች ቅዱሳን ስም ለሴቶች ልጆችም ይወጣ ነበር። ፊልጶስ ወይም ኒቆላስ የተባለችውን ሴት ጸሓፊው በላቲን ሲመዘግብ በሴት አንቀጽ ፊሊጳ፥ ኒቆላ እያለ ይለየዋል፤ በቤትና በገበያ ግን ሴቲቱም ወንዱም በአንድ ስም ይጠሩ ነበር።

በኋላ ዘመን ደግሞ ሌላ ምክንያት እናገኛለን። እንግሊዛዊቱ ደራሲ ሻርሎት ብሮንቴ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1849 «ሸርሊ» የተባለውን ልብ ወለድ አሳተመች። በመጽሐፉ ያሉት ወላጆች ወንድ ልጅ ይመኙ ስለ ነበር፥ ሴት ብትወለድላቸው ለወንዱ ያሰቡትን ስም ሰጧት። ከዚያ ወዲህ ስሙ ቀስ በቀስ ወደ ሴቶች አለፈ። በ1928 የተወለደችው ሸርሊ ቴምፕል በሕፃንነቷ በሲኒማ በታወቀች ጊዜም በአሜሪካ እጅግ ብዙ ሴቶች ልጆች በዚሁ ስም ተጠሩ።

በአገራችን ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ የወንድ ቅዱስ ስም ቢደርሳት፥ «ወለተ» የሚለው የግዕዝ ቃል ይቀድመዋል። የእገሌ ሴት ልጅ ማለት ነው። እቴጌ ምንትዋብ ወለተ ጊዮርጊስ፥ እቴጌ ጣይቱ ወለተ ሚካኤል ተብለዋል። ወንዱም የእመቤታችንን ስም በዚህ ዓይነት ይይዛል፤ ዳግማዊ ምኒልክ ሣህለ ማርያም ነበሩና። እንግዲህ ቅዱሱ አባት ይሆናታል እንጂ ሴትነቷ አይሸፈንም።

ይህንንም ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በሥራዋ አስረድታለች። በ1592 ተወለደች። አፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት በተቀበሉ ጊዜ ባሏንና ሀብቷን ትታ መነኮሰች፤ ስደትንም ታግሣ፥ የተከተሏትን ወንዶችና ሴቶች እየመራች ቆይታ በ1642 ዐረፈች። የሐዋርያውን ስም ተሸክማ ስትኖር ወንድ መምሰል አላስፈለጋትም።

ስለዚህ ሴት ልጅ የተወለደችለት ሰው ስም ከማውጣቱ በፊት ራሱን ይጠይቅ፤ የሚሰጣት በረከት ነውን ወይስ ተመኝቶ ላጣው ወንድ ልጅ መታሰቢያ?