የሰርዶ መንገድ፣ የአዋሽ ጨውና አንዲት መራራ ቅጠል



አንድ ወዳጄ ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ሠመራ በሥራ ተዛውሮ ሲሄድ፣ በውጭ አገር የምትኖር እኅቱ የላከችለትን አንድ ጥቅል ዘር ይዞ ሄደ። ዘሩ የድንክ ቺኮሪ፣ ማለት ቁመቱ አጭር የሆነ የሰላጣ ዘመድ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ቅጠሉ አምሮ ወጣ፤ ቤተ ሰቡም በልቶ ተደሰተ። በሁለተኛው ዓመት ግን በመደቡ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ወጣበት፤ ቅጠሉም ከጠርዙ ጀምሮ እየተቃጠለ ደረቀ። ወዳጄም «ዘሩ አርጅቶ ይሆን?» ብሎ ጻፈልኝ። ጥፋቱ የዘሩ አልነበረም። የዚያ አገር መሬትና ውኃ የቆየ ታሪክ ስላላቸው፣ ለእርሱ የመለስኩትን ዛሬ ለእናንተም አወራለሁ።

አስቀድሞ ስለ ቅጠሏ ጥቂት ልበል። ቺኮሪ በአውሮፓ በየመንገዱ ዳር ሰማያዊ አበባ እያወጣች የምትበቅል መራራ ተክል ናት። የጥንት ሮማውያን ቅጠሏን ይመገቡ ነበር። ስሟ የገነነው ግን በሥሯ ነው፤ ያውም በእኛ በቡና ምክንያት። የፕሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ፍሬድሪክ ለቡና የሚወጣው ገንዘብ የአገራቸውን ሀብት የሚያራቁት ስለ መሰላቸው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1781 ቡና መቁላትን በመንግሥት እጅ አደረጉት። በድብቅ የሚቆላውንም በሽታው የሚያሳድዱ፣ ከውትድርና የተሰናበቱ ሰዎችን በየመንደሩ አሰማሩ። ቡና ያጣው ሕዝብ የቺኮሪን ሥር አድርቆ፣ ቆልቶና ፈጭቶ ይጠጣ ጀመር። ናፖሌዎንም በ1806 ወደቦችን በእንግሊዝ ንግድ ላይ በዘጋ ጊዜ ይኸው ልማድ በፈረንሳይ ተስፋፋ። ይህ ነገር ለቡና አገር ሰው ቀልድ ይመስለዋል፤ የተቆላ ገብስ ከቡና ጋር ቀላቅሎ የሚሸጥ ነጋዴ የገጠመው ግን ብዙ አይስቅም።

ያ እነርሱ ያጡት ቡና ዛሬ ወደ መርከብ ከሚወርድባቸው መንገዶች አንዱ በሰርዶ በኩል ያልፋል። ሰርዶ ከሠመራ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ወደ አሰብ የሚወርደውና ከአሰብ የሚወጣው ጭነት በእርሷ በኩል ሲያልፍ ኖሯል። ከአፍዴራ ሐይቅ የሚመረተው ጨውም በዚሁ አገር በኩል ወደ መሐል አገር ይጫናል። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዪቱን አፍርሶ ከ20 የሚበልጡ ሰዎችን ገድሏል። በአማርኛ ሰርዶ ስንል ግን አስቀድሞ የሚታሰበን ያ በምድር ላይ እየተሳበ የሚሄደው፣ ቢነቅሉት የማያልቀው ሣር ነው። የጓሮ ሰው ሁሉ ይረግመዋል። ነገር ግን ይህ ሣር ሰላጣ በማይችለው ጨዋማ መሬት ላይ ሳይቸገር ይበቅላል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1926 ዓ.ም. ወንዙን ተከትሎ መጨረሻውን ያየ ጊዜ ለብዙ አንባቢ እንቆቅልሽ የተፈታ ያህል ሆኖ ነበር፤ የአውሳ ሰዎች ግን ውኃው የት እንደሚገባ ከአባቶቻቸው ጀምሮ ያውቁታል። ባሕር የማይደርስ ወንዝ የተሸከመውን ጨው የትም አይጥልም፤ በመጨረሻው ሐይቅና ባጠጣው መሬት ላይ ይተወዋል። ይሁን እንጂ አውሳ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ለም አገር ነው። ምክንያቱም ወንዙ በክረምት ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብስ አዲስ ደለል ያስቀምጣል፤ በብዛት የመጣውም ውኃ ያለፈውን ጨው አጥቦ ወደ ታች ያወርደዋል። ገበሬው የሚዘራው ጎርፉ ከሸሸ በኋላ ነበር። አርብቶ አደሩም በበጋ ከብቱንና ግመሉን ወደዚሁ ወንዝ ዳር ያወርዳል።

ይህ አኗኗር በ1950ዎቹ ተለወጠ። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ተመረቀ፤ በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በዚያው ዘመን የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ኩባንያ በተንዳሆ ሰፊ የጥጥ እርሻ ከፈተ። ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬም በአውሳ የራሳቸውንና የሕዝባቸውን የጥጥ እርሻ አስፋፉ። ጥጡ ለፋብሪካዎቻችን ጠቅሟል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን የተወሰደው መሬት ባዶ መሬት አልነበረም፤ የአፋር ከብቶች የበጋ መጠጊያ ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ ድርቅ በመጣ ጊዜ ወደ ወንዙ የሚያስወርደው መንገድ በእርሻ ተዘግቶ ስለ ነበረ፣ ብዙ ከብትና ብዙ ሰው አለቀ። ይህ በእቅድ ወረቀት ላይ እንደ ወጪ ያልተቆጠረ ወጪ ነው።

ሁለተኛው ወጪ የጨው ነው። በመካከለኛው አዋሽ በአሚባራና በመልካ ሰዲ ሰፊ እርሻ በመስኖ ለማ፤ ማሳውን የሚያጠጣው ቦይ ሲቆፈር ግን የተረፈውን ውኃ የሚያስወጣ ማጠንፈፊያ አብሮ አልታሰበም። ከምድር በታች ብዙ ሜትር ጠልቆ የነበረው ውኃ በየዓመቱ እየጨመረ ወደ ላይ ቀረበ፤ ፀሐይም ውኃውን ስባ ጨውን በገጽ ላይ ተወችው። ጨው በመቻል የታወቀው ጥጥ እንኳ ተሸነፈና ብዙ ሄክታር ተትቶ ነጣ። ከምድር በታች የሚቀበር ማጠንፈፊያ የተዘረጋው ጉዳቱ ከታየ በኋላ ነው።

ወዳጄም በሦስት ክንድ መደብ ላይ ያደረገው ይህንኑ ነበር። ውኃ ለመቆጠብ ሲል ማለዳ ማለዳ ጥቂት ጥቂት ይረጫል። የተረጨው ወደ ታች ሳይዘልቅ በቀኑ ሐሩር ይተናል፤ ጨው ብቻ ይቀራል። በዚህ ላይ ከበረት የወጣ ትኩስ የፍየል ፍግ ጨመረበት፤ ፍጉም የራሱ ጨው አለው። እኔም የሚከተለውን ጻፍኩለት።

መደቡን ከምድር ከፍ አድርገህ በዙሪያው ውኃ መውጫ ቦይ ቆፍር። ከመዝራትህ በፊት በብዙ ውኃ አጥበው፤ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከመርጨት ይልቅ ቀን እያሳለፍህ አጥግበህ አጠጣው። ፍጉ ሳይብላላ አይግባ። በቦይ የምታጠጣ ከሆነ ጨው ወደ መደቡ ጫፍ ስለሚወጣ፣ ዘሩን በጫፉ ላይ ሳይሆን በጎኑ ላይ ዝራው። የምትዘራበት ወራት ጥቅምትና ኅዳር ይሁን፤ ሙቀት ከበረታ ቺኮሪ ቶሎ ወደ አበባ ትሄዳለች፣ ምሬቷም ይብሳል። በሞቀ አፈር ዘሩ አልበቅል ካለህ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለህ በውኃው ጋን ጥግ አሳድረው። ዘሩ ደቃቅ ስለ ሆነ አፈር አታብዛበት፤ ሲበቅልም በመካከሉ አንድ ስንዝር ያህል እየተውህ አሳሳው። በቀትር የሰሌን ጥላ ይበቃዋል። ቅጠሉን ከዳር ከዳር ብትቆርጥ ከመካከሉ ደግሞ ይሰጥሃል። ጨው ለሚበዛበት ክፍል ግን ቆስጣና ቀይ ሥር ይሻሉሃል፤ ካሮትና ቀይ ሽንኩርት በዚያ ላይ አትድከም። ሳይዘራ የሚመጣው ሰርዶ ብቻውን ነግሦ ሌላው ቅጠል የከሳበትን ቦታ ስታይ፣ መታጠብ የሚያስፈልገው መሬት እርሱ መሆኑን ጠርጥር።

ወዳጄ በጥር መለሰልኝ። መደቡ ታጥቦ ቅጠሉ ወጥቷል። ባለቤቱ ምሬቱን ለማስለቀቅ እንደ ጎመን ቀቅላ የመጀመሪያውን ውኃ ከደፋች በኋላ በሽንኩርትና በዘይት ትሠራዋለች፤ ልጆቹም ለምደውታል። እርሱ ደግሞ የፕሩሲያን ታሪክ ከጻፍኩለት ወዲህ ሥሩን ቆልቶ ለመሞከር አስቦ ነበር፤ ባለቤቱ ግን በእርሷ ጀበና እንዲህ ያለ ነገር እንደማይገባ ነግራው ትቶታል።