«ባክዴቲንግ»፦ ወደኋላ የሚታሰብ አበል

ብሪታንያ ውስጥ የአካል ጉዳት አበል ያመለከተ ሰው መልሱን ለወራት ይጠብቃል። መጀመሪያ ተከልክሎ ይግባኝ ካለማ ዓመት ሊሞላው ይችላል። ታዲያ በመጨረሻ ውሳኔው ሲመጣ ከመደበኛው አበል በፊት ዳጎስ ያለ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ባንክ ይገባል። እዚያ ያለው ያገራችን ሰው «ባክዴት ተደርጎ ተከፈለኝ» ይላል። በዚህ አንድ አባባል ውስጥ ግን ሕጉ የሚለያቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ሳይለዩ መቅረታቸው ብዙ ቤተሰብ የሚገባውን ገንዘብ እንዲያጣ ያደርጋል።

የመጀመሪያው ውዝፍ ነው። ውዝፍ ደመወዝ፣ ውዝፍ ግብር እንደምንለው፣ ቀኑ ደርሶ ሳይከፈል የተጠራቀመ ገንዘብ ማለት ነው። በአማርኛ «ውዝፍ አበል» ቢባል በቂ ነው። ሁለተኛው ራሱ «ባክዴቲንግ» ነው፤ ዛሬ የገባ ማመልከቻ ከዛሬ በፊት እንደገባ ተቆጥሮ አበሉ ካለፈ ቀን ጀምሮ ሲሰጥ። ይህንን «ወደኋላ ማሳሰብ»፣ ገንዘቡንም «ወደኋላ የሚታሰብ አበል» ብንለው ሐሳቡን ይይዛል።

ፒፕ የሚባለው የአካል ጉዳት አበል ውዝፍ ይከፍላል እንጂ ወደኋላ አያሳስብም። የሚቆጠረው በአብዛኛው ስልክ ደውለው ማመልከት ከጀመሩበት ቀን ነው። በሽታው ከሦስት ዓመት በፊት የጀመረ ቢሆንም ከዚያ ቀን በፊት ላለው ጊዜ አይከፈልም። ስለዚህ «ሐኪሙ ወረቀቱን ይጻፍልኝና እደውላለሁ» ብሎ መቆየት በየሳምንቱ ገንዘብ ማጣት ነው። መጀመሪያ ይደወላል፣ ወረቀቱ ኋላ ይደርሳል። የተከለከለም ሰው ውሳኔው እንደገና እንዲታይለት በአንድ ወር ውስጥ ጠይቆ፣ ካልሆነም ይግባኝ ሰሚው ዘንድ ቀርቦ ቢረታ፣ ውዝፉ እስከዚያች የስልክ ቀን ድረስ ይሄዳል።

የተንከባካቢ አበል፣ እዚያ ያለው ሰው «ኬረርስ አላዋንስ» የሚለው፣ ሌላ ነው። ይህኛው ወደኋላ ያሳስባል፤ በተለመደው አሠራር እስከ ሦስት ወር። ከዚህ በላይ የሚሄድበት አንድ መንገድ ግን አለ። የበሽተኛው አበል የተፈቀደበት ውሳኔ ከተሰጠ በሦስት ወር ውስጥ ተንከባካቢው ካመለከተ፣ የእሱም አበል የበሽተኛው አበል እስከጀመረበት ቀን ድረስ ወደኋላ ሊታሰብለት ይችላል። ውሳኔው በይግባኝ የተገኘ ቢሆንም እንዲሁ ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ የ58 ዓመት አባት ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው እንበል። ልጁ ሥራዋን ትታ ታለብሰዋለች፣ ታጥበዋለች፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ትሰጠዋለች፣ ሌሊት ሁለትና ሦስት ጊዜ ትነሣለታለች። በ2025 ኤፕሪል ለፒፕ አመለከተ፤ ተከለከለ፤ ይግባኝ ብሎ፣ ካመለከተ ከ40 ሳምንት በኋላ ለዕለት ኑሮ ድጋፍ የሚሰጠው ከፍተኛው ክፍያ ተፈቀደለት። በ2025/26 ይህ ክፍያ በሳምንት 110.40 ፓውንድ ስለነበር ውዝፉ 4,416 ፓውንድ ይሆናል። ቤቱ ደስ ይለዋል፣ ዕዳ ይከፈላል፣ ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ ይገባል። የልጅቱን ነገር ያነሣ የለም።

የተንከባካቢ አበል በዚያው ዓመት በሳምንት 83.30 ፓውንድ ነበር። ልጅቱ ውሳኔው በወጣ በሁለተኛው ወር ብታመለክት የ40ው ሳምንት 3,332 ፓውንድ ይገባታል። በአራተኛው ወር ብታመለክት ግን የሚታሰብላት ካመለከተችበት ሦስት ወር ወደኋላ ብቻ ነው። ያ ደግሞ ከውሳኔው በኋላ ስለሚያርፍ፣ ይግባኙ ሲጠበቅ የለፋችበት 40 ሳምንት በሙሉ ይቀልጣል። ከገንዘቡ ሌላ፣ አበሉ ለተሰጠበት ሳምንት ሁሉ የጡረታ መዋጮ እንደከፈለች ይቆጠርላት ነበር፤ ያም አብሮ ይቀራል።

ልጅቱ የማታመለክተው ብዙ ጊዜ ሕጉን ባለማወቅ ብቻ አይደለም። «ለአባቴ ባደረግሁት ልከፈልበት?» ትላለች፤ ነውር ይመስላታል። ይህን ስሜት አከብረዋለሁ፤ ክርክሩ ግን ስህተት ነው። አበሉ የፍቅር ዋጋ አይደለም፤ ሥራ ትታ ደመወዝ ላጣችበት የሚሰጥ ትንሽ መደጎሚያ ነው። መብቱም በዋዛ አልተገኘም። አበሉ በ1976 በሌላ ስም ሲጀመር ከባሏ ጋር ለምትኖር ሴት አይሰጥም ነበር፤ ያለዚያም ቤት መዋሏ አይቀርም ተብሎ። ጃኪ ድሬክ የምትባል ባለትዳር በ1984 ሥራዋን ለቅቃ እናቷን ማስታመም ጀመረች፣ አበሉን ስትጠይቅ ተከለከለች፣ ክርክሩም ሉክሰምበርግ እስካለው የአውሮፓ ፍርድ ቤት ደረሰ። በጁን 1986 ረታች። የብሪታንያ መንግሥት በፍርዱ ዋዜማ ሕጉን እንደሚለውጥ አስታወቀ፤ ባለትዳር ሴቶችም እስከ ዲሴምበር 1984 ወደኋላ እየታሰበ ተከፈላቸው።

የተንከባካቢ አበልን ለማግኘት በሳምንት ቢያንስ 35 ሰዓት መንከባከብ ያስፈልጋል። ሳምንቱ ከእሑድ እስከ ቅዳሜ ነው፤ የአንዱ ትርፍ ለሌላው አያሟላም። ማጠብና ማጉረስ ብቻ አይደለም የሚቆጠረው፤ ምግቡን ማዘጋጀቱ፣ እንዳይወድቅ አጠገቡ ሆኖ መጠበቁ፣ ሐኪም ቤት ይዞ ሄዶ ማስተርጎሙም ይገባል። በ2025/26 ከሥራ የሚገኝ ገቢ ከታክስና ከመሳሰለው ተቀናሽ በኋላ በሳምንት ከ196 ፓውንድ ማለፍ አልነበረበትም። ገቢው ከወሰኑ በአንድ ፓውንድ ቢያልፍ የዚያ ሳምንት አበል ሙሉ በሙሉ ይቀራል። ይህን ወሰን ሳያውቁ አልፈው በሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ መልሱ የተባሉ ብዙ ተንከባካቢዎች አሉ። ወደኋላ በሚታሰበው ጊዜ ውስጥ ጥቂትም ቢሆን የተሠራ ሥራ ካለ የየሳምንቱን ደመወዝ ማውጣትና ማሳወቅ ግድ ነው።

ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለውን የዝቅተኛ ገቢ ድጎማ ለሚያገኝ ሰው የተንከባካቢ አበል ከዚያ ላይ ይቀነሳል፤ በአንጻሩ ለተንከባካቢ የሚታከል ድርሻ አለ። ለብቻቸው የሚኖሩ እናት በጡረታ ድጎማቸው (ፔንሽን ክሬዲት) ላይ የከባድ ጉዳተኛ ጭማሪ የሚያገኙ ከሆነ ደግሞ፣ ልጃቸው አበሉ ሲከፈለው ያ ጭማሪ ይቀርባቸዋል። ለተንከባካቢው ወደኋላ የታሰበለት ጊዜ ግን የእናትየውን ያለፈ ጭማሪ አይነካም፤ የሚቀረው ክፍያው ከጀመረ ወዲያ ያለው ነው። እንዲህ ያለ ቤት ከማመልከቱ በፊት ሲቲዝንስ አድቫይስ የተባለውን የምክር ድርጅት ወይም የአካባቢውን የተንከባካቢዎች ማኅበር ቢያማክር ደግ ነው።

ባላቸውን የሚያስታምሙ አዛውንት «ጡረታ አለኝ፣ አይሰጠኝም» ይላሉ። እውነት ነው፣ ጡረታው ከአበሉ ከበለጠ አበሉ በእጅ አይከፈልም። ማመልከታቸው ግን ይጠቅማል፤ መብቱ እንዳላቸው ከተመዘገበ የጡረታ ድጎማቸው ሲሰላ ጭማሪ ይታከልላቸዋል፤ በ2025/26 ይህ በሳምንት 46.40 ፓውንድ ነበር። ስኮትላንድ ውስጥ የአበሎቹ ስምና የሚከፍለው መሥሪያ ቤት ስለሚለይ በእንግሊዝና በዌልስ ደንብ መሄድ አይገባም።

ለእኛ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር አለ። ሁለቱም አበሎች በተለመደው ደንብ ካለፉት ሦስት ዓመታት ሁለቱን ብሪታንያ ውስጥ መኖርን ይጠይቃሉ፤ ጥገኝነት የተሰጠው ስደተኛ ግን ይህን ጊዜ እንዲጠብቅ አይገደድም። መኖሪያ ፈቃዱ ላይ የመንግሥት ድጎማ እንዳይቀበል የተጻፈበት ሰው ግን በራሱ ስም ከማመልከቱ በፊት የኢሚግሬሽን አማካሪ ያነጋግር፤ ፒፕም የተንከባካቢ አበልም በዚያ ክልከላ ውስጥ ይገባሉ።

የተንከባካቢ አበል ማመልከቻው አበሉ ከየትኛው ቀን እንዲጀምር እንደሚፈለግ ይጠይቃል። እዚያ ላይ የዛሬውን ቀን ከመጻፍ በፊት የበሽተኛውን የውሳኔ ደብዳቤ ማውጣትና ሁለት ቀኖች መፈለግ ያስፈልጋል፤ ውሳኔው የተሰጠበትና አበሉ የጀመረበት። ሦስቱ ወር የሚቆጠረው ከመጀመሪያው ነው፤ ማመልከቻው ላይ የሚጻፈው ሁለተኛው፣ ወይም እንክብካቤው ዘግይቶ የተጀመረ ከሆነ እሱ የጀመረበት ቀን ነው።