ማኅተሙ እውነተኛ፣ ታሪኩ ሐሰት፦ የቤተሰብ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በምን ይረጋገጣል?

የፍቺ ውሳኔ፣ የሞግዚትነት ወይም የጉዲፈቻ ትእዛዝ እጃችን ሲገባ ብዙዎቻችን ቀድመን የምናየው ማኅተሙን ነው። ልማዱ የቆየ ነው። በነገሥታቱ ዘመን የቤተ መንግሥቱን ማኅተም የሚይዘው ጸሐፌ ትእዛዝ ነበር፤ ማኅተሙ ያረፈበት ደብዳቤም የንጉሡ ቃል ተደርጎ ይታመናል። በቤተሰብ ጉዳይ ግን ወረቀት እምብዛም አያስፈልግም ነበር። ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚዳኙት ሽማግሌዎች ናቸው። «እውነት ተፋተዋል ወይ?» ብሎ የተጠራጠረ ሰው ሽማግሌዎቹን ይጠይቃል። ማረጋገጫው ሰው ነበር።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ይህን ልማድ አልናደውም፤ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጠ። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1992 ዓ.ም. ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ እንዲሆን አደረገ። በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው የወሳኝ ኩነት ምዝገባም ፍቺን የሚመዘግበው የፍርድ ቤት ውሳኔ ተይዞ ነው። በሰው ቦታ ወረቀት ተተካ ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ አንድ ሐሰተኛ ትእዛዝ ቤት ሊያሸጥ፣ ሚስትን ያለ ድርሻ ሊያስቀር፣ ልጅን ከአገር ሊያስወጣ ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ግን ፎርጅዱ ትእዛዝ አይደለም። የውጭ አገር ጉዲፈቻ ታሪካችን ይህን በደንብ ያሳያል። ጉዲፈቻ ካልጸደቀ አይጸናም፤ ለውጭ አገር ሰዎች ይህን ሲያጸድቅ የኖረው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። በፈረንጆቹ 2010 ወደ አሜሪካ ብቻ 2,500 ገደማ ሕፃናት ሄደዋል። ትእዛዞቹ እውነተኛ ነበሩ፤ ዳኛው እውነተኛ፣ ማኅተሙም እውነተኛ። ነገር ግን በአንዳንዶቹ መዝገቦች በሕይወት ያለ ወላጅ «ሞቷል» ተብሎ እንደቀረበ በኋላ ተጋለጠ። ለዘለቄታው እንደሚለያቸው ሳይገባቸው የፈረሙ ወላጆችም ነበሩ።

መንግሥት ነቅቶ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር ሰነዶችን በጥልቀት ለማጣራት በሚል በቀን የሚያየውን የጉዲፈቻ ጉዳይ ወደ 5 አወረደ። በ2005 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሕፃን ጉዳይ ፍርድ ቤት ከመቅረቡ በፊት በአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ቀድሞ እንዲመረመር ተደረገ። ነገሩን ልብ በሉት፤ ማጣራቱ ከትእዛዙ በፊት የመጣው፣ ትእዛዙ ከወጣ በኋላ ማኅተም ማየት ምንም ስለማይነግር ነው። በመጨረሻ በጥር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ጉዲፈቻን ጨርሶ ከለከለ። ዛሬ ያደጉት ልጆች ወላጆቻቸውን ፍለጋ ሲመጡ በእጃቸው ያለው ያው ወረቀት ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ይህን ትእዛዝ እውነት ፍርድ ቤቱ ሰጥቶታል? ሁለተኛ፣ ሲሰጥ የተመሠረተው በምን ላይ ነው?

ለመጀመሪያው መልሱ ያለው በመዝገቡ እንጂ በወረቀቱ ላይ አይደለም። የፍርድ ቤቱን ስም፣ ችሎቱን፣ የመዝገብ ቁጥሩንና ቀኑን ያዙና ራሱ ፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ዘንድ ሄዳችሁ አመሳክሩ። ወረቀቱ ላይ ባለው ስልክ መደወል ማጣራት አይደለም፤ ፎርጅድ የሠራ ሰው ስልክም ይጽፋል። ሥልጣኑንም እዩ፤ በአዲስ አበባ የወራሽነት ማስረጃ የሚሰጠው የከተማው ፍርድ ቤት ሲሆን ፍቺ የሚወስነው የፌዴራሉ ነው። በግልባጭ ላይ «የማይነበብ የዳኛ ፊርማ አለበት» የሚል ብታዩ አትደንግጡ፤ የተለመደ አጻጻፍ ነው፤ የዳኛው ፊርማ ያለው በዋናው ላይ ነው። ወረቀቱ ለውጭ አገር ተብሎ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ቢረጋገጥም፣ የሚረጋገጠው ፊርማውና ማኅተሙ እንጂ በውስጡ የተጻፈው እውነት መሆኑ አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል፤ መልሱም በግልባጩ ላይ አይገኝም። ምስክሮቹ እነማን ነበሩ? ሌላው ወገን መጥሪያ ደርሶታል? የሞት ማስረጃውን የሰጠው ማን ነው? ይህ የሚታየው መዝገቡ ተከፍቶ ሲነበብ ነው። ድሮ ሽማግሌው ስለሚያውቀው ሰው ይናገር ነበር፤ ዛሬ ዳኛው የማያያቸውን ሰዎች ጉዳይ በቀረበለት ወረቀት ይወስናል። መዝገቡን የሚጠይቅ ሰው ካልተገኘ፣ ሐሰቱ የፍርድ ቤት ማኅተም ይዞ ይኖራል።