ዘሪሁን የትምጌታ፦ ከእንጨት ህትመት እስከ ቀርከሃ

በኢትዮጵያ የህትመት ሥነ ጥበብ ታሪክ ስማቸው ከሚጠራ ባለሙያዎች አንዱ ሠዓሊ ዘሪሁን የትምጌታ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1941 በአዲስ አበባ ተወለዱ።

ትምህርታቸውን የተከታተሉት ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። በዚያም ከጀርመናዊው የህትመት ባለሙያ ከሐንሰን ባይያ የእንጨት ህትመትን ተማሩ። ሐንሰን ባይያ ለረጅም ጊዜ በብራዚል የኖሩ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 በአዲስ አበባ አስተምረዋል።

በዚህ ሙያ ሥዕሉ በጣውላ ላይ ተገልብጦ ይነደፋል። ነጭ ሆኖ እንዲቀር የተፈለገው ክፍል በመሮ ተፍቆ ይወጣል። ከፍ ብሎ በቀረው ገጽ ላይ ቀለም ይቀባና ወረቀት ተጭኖበት ይታተማል። የተፋቀ እንጨት ስለማይመለስ ሥራው ጥንቃቄ ይሻል። በአንጻሩ ከአንድ ጣውላ ብዙ ቅጂ ስለሚወጣ አንድ ሥዕል ለብዙ ሰው ይደርሳል።

ሠዓሊው ከመምህራቸው ሙያውን ቢቀስሙም፣ የሥዕላቸውን መልክ ከአገር ውስጥ ቅርስ ፈልገዋል። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል፣ በባለቤቱ ቁመት ልክ በብራና የሚዘጋጀው የጠልሰም ክታብ እንዲሁም የአፍሪካ ጭምብሎች በሥራዎቻቸው ይታያሉ። ኋላም ቀጫጭን የቀርከሃ ስንጥቆችን ጎን ለጎን አያይዘው በላያቸው መሣል ጀመሩ። በተማሩበት ትምህርት ቤትም አስተምረዋል።

እ.ኤ.አ. በ1992 በሴኔጋል ዳካር በተካሄደው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርዒት ተሸላሚ ሆነዋል። ገበሬው ለአጥርና ለጎተራ የሚያውቀው ቀርከሃ በእርሳቸው እጅ የዓለም መድረክ ደረሰ።